ለቅማ የማትቀምስ ልጅ

ጤዛ ሳይነሣ እንጆሪ የሚለቅም ሰው ካያችሁ እንጆሪ አያውቅም ማለት ነው፤ ዝም ብላችሁ እለፉት። እርጥብ እንጆሪ በማግሥቱ ሻጋታ ያወጣል። ፀሐይ ከበረታ በኋላ የሚለቅመውም ያው ነው፤ የሞቀ እንጆሪ ገና ቅርጫት ውስጥ ሳለ ይፈርጣል። የሚለቀመው በመሐል ነው፤ ጤዛው ተንኖ ድንጋዩ ሳይሞቅ። ያቺን ሰዓት በአሊዩ አምባ ዳገት እንደ ሰሊሃ አሳምሮ የሚያውቃት የለም። ይህን የምለው ላሞግሳት አይደለም። እኔ ሰሊሃን ላሞግሳት ስነሣ አንደበቴ ይተሳሰርብኛል፤ ለምን እንደሆነ ስትሰሙ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ቤቷ ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከመንደሩ ነጠል ብሎ ብቻውን የቆመ ነው። በጓሮዋ በኩል ምንጭ ይወርዳል፤ ግራና ቀኙን እሾሃም የእንጆሪ ሐረግ ውጦታል። ኅዳር ሲገባ ፍሬው ከቀይ ወደ ጥቁር ይዞራል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዚያ ነው፤ ገሚሱን ጥሬውን ገበያ ታወርዳለች፣ ገሚሱን በስኳር ቀቅላ ማርማላታ ታደርግና ደብረ ብርሃን ለሻይ ቤቶች ትልካለች። ልጅ አልወለደችም። አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር ኖራ፣ ዱዓ አስደርጋ፣ ሐኪም ቤት ተመላልሳ፣ አላህ አልሰጣትም። ይህንንም እወቁላት፤ ስትፈርዱ ያስፈልጋችኋል።

ነገሩ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ታናሽ ወንድሟ ዓወል አሊዩ አምባ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ለገቡት ሰዎች ነጋዴው ያዋጣውን ማሽላ አድርሶ ሲመለስ፣ ከመኪናው ጋቢና አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አወረደ። ሰብሪና ትባላለች። በጭነት መኪና ይዘዋት የወጡት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ አባቷ ሲሞት በዓይናችን አይተናል፣ እናቷም ተመትታ ስትወድቅ አይተናል አሉ። እነሱ ራሳቸው ስድስት ልጅ ይዘው አንድ ድንኳን ውስጥ ናቸው።

«እትዬ፣ ለጊዜው አንቺ ጋ ትሁን» አለ ዓወል።

ለጊዜው! ሰሊሃ ያቺን ቃል የሰማቻትም አይመስለኝ። ልጅቷን አጥባ፣ ፀጉሯን ሠርታ፣ ከጎኗ አስተኛቻት። ልጅቷ በእንቅልፏ ትጮህ ነበር፤ ሰሊሃ ቁርአን እየቀራችላት ታባብላታለች። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ጠዋት ሰብሪና «እማ፣ ጫማዬ የት ነው?» አለች። እንዲሁ፣ ሳታስበው። ሰሊሃ ጫማውን አቀበለቻትና ጓሮ ሄዳ እንጆሪው መሐል ተቀምጣ አለቀሰች።

ልጅቷ ቀስ በቀስ መልቀሙን ከሰሊሃ እኩል ቻለች፤ እንዲያውም ጣቷ ቀጭን ነው፣ እሾሁ አይይዛትም። ፍሬውን አትጎትተውም፤ ነካ ስታደርገው ራሱ የሚወድቀውን ብቻ ነው የምትወስደው። ግን አትቀምስም። ስምንት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን አንድ ሰፌድ ሙሉ ብቻዋን ጨርሳ ሆዷን ሲቆርጣት አድራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ፍሬ ወደ አፏ አታስጠጋም። ሰሊሃ፣ «ምነው ልጄ፣ እንጆሪ ላይ ረመዳን ያዝሽ እንዴ?» እያለች ታሾፍባታለች። ልጅቷ ፈገግ ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ጠገበችው ተባለና በዚያው ታለፈ።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር፣ ረቡዕ ቀን፣ ሰሊሃ ስኳር ስትመዝን ዓወል ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። ወፍራም ሰው ነው፤ ያን ዳገት በእግሩ የሚወጣው የምር ጉዳይ ሲኖረው ብቻ ነው።

«እትዬ! አልሐምዱሊላህ በዪ!» አለ ገና ከአጥሩ። «የሰብሪና እናት በሕይወት አለች! በዓይኔ አየኋት!»

ሰሊሃ «አልሐምዱሊላህ» አለች። አፏ ነው ያለው። የስኳሩ ከረጢት ላይ ተቀመጠች።

ዓወል እያለቀሰም እየሳቀም ተረከ። መጠለያው ውስጥ አንዲት አንካሳ ሴት፣ ሰአዳ የምትባል፣ ልጅሽን የአሊዩ አምባ ሰው ወሰዳት ሲባል ሰምታ፣ ከአሊዩ አምባ ነኝ ያለውን ሁሉ እየያዘች ልጅ ትጠይቃለች። እሱንም ያዘችው። «አገጯ ሥር ጠባሳ ያላት፣ በልጅነቷ ከምድጃ ድንጋይ ላይ ወድቃ…» ስትለው ሰብሪናን አውቆ አላስጨረሳትም። ሰአዳ እግሯን ተመትታ ወድቃ ነው እንጂ አልሞተችም፤ ሁለት ዓመት በየሐኪም ቤቱ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሰው ቤት፣ አሁን በቅርብ ነው ዘመዶቿ ወዳሉበት ወደ ደብረ ብርሃን የመጣችው።

«ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ። በስልክ ላናግራት አለች፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአካል ነው የሚያምረው አይደል እትዬ?»

ሰብሪና ጀሪካን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ጀሪካኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ሰሊሃን አየቻት። ዓወል «ደንግጣ ነው፣ ደስታም ያደነግጣል» አለና ግንባሯን ስሞ ወረደ።

አሁን ሰሊሃ ምን እንደፈራች ልንገራችሁ። ልጅቷ እንዳትወሰድባት ፈራች ብትሉ ልክ ናችሁ፤ ግን ከሱ የባሰ አለ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ያው በኅዳር፣ አንድ ከሲታ ሰው በዳገቱ ሲወጣ ሰሊሃ ከሩቅ አየችው። ከታች መንደር አንድ እንግዳ ሰው ልጅ እያፈላለገ ነው የሚል ወሬ ከዋዜማው ሰምታለች።  ልጅቷን ጎትታ ጓዳ አስገባቻት፤ ያን ለት ጠዋት የተለቀመውን እንጆሪ ከነሰፌዱ ፊቷ አስቀመጠችላት። «ቁጭ ብለሽ ብዪ። ትንፍሽ እንዳትዪ። ድምፅሽ ከተሰማ ወደዚያ ወደ እሳቱ ይመልሱሻል» አለቻት። ለስምንት ዓመት ልጅ እንዲህ ይባላል? እሷ ግን አለች።

ሰውየው ታጁ እባላለሁ አለ። የእህቴን ልጅ ነው የምፈልገው፣ ሰብሪና ትባላለች፣ እኛ ሰቢ እንላታለን፣ እዚህ ቤት ልጅ አለች ብለውኛል አለ። ሰሊሃ የወንድሜ ልጅ ናት አለች። ማየት ይቻላል ወይ ሲላት አሊዩ አምባ ወርዳለች አለች። ሰውየው ፊቷን ትክ ብሎ አየና፣ «እህቴ፣ እንግዲያው ወላሂ በዪኝ» አላት።

«ወላሂ» አለች ሰሊሃ።

በቃ፣ አንድ ቃል ናት። ሰውየው ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ሙስሊም ሴት ወላሂ ብላ ከማለችለት ምን ይበል? ተሰናብቶ ሄደ።

መሐላው ግን ሰሊሃን እንቅልፍ ነሳት። ሼኹ ዘንድ ሄደችና ምን ብላ ብትጠይቅ ጥሩ ነው? «ወላሂ አደርጋለሁ ብሎ ያላደረገ ሰው ምን ያድርግ?» እሳቸውም አሥር ድሃ አብላ፣ ካልቻልክ ሦስት ቀን ፁም አሉ። አይ ሰሊሃ! ጥያቄውን አጣማ መልሱን ቀና አድርጋ ወሰደች። ወላሂ ብሎ በሐሰት የማለ ሰው ምን ያድርግ ብላ ብትጠይቃቸው ኖሮ፣ ተነሥተሽ ሂጂ፣ ሰውየውን ፈልገሽ እውነቱን ንገሪው ይሏት ነበር። ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ስለዚህ አልጠየቀችም። አሥሩንም ድሃ አበላች፣ ሦስቱንም ቀን ፆመች፣ ከዚያ ተከፍሏል ብላ ተኛች። አንዳንዴ ብቻ ሌሊት ይቀሰቅሳት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጤዛው ሲነሣ ሁለቱ ወደ ምንጩ ወረዱ። ሰሊሃ ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አድራ አንድ ሐሳብ ይዛለች። እናትየው ድንኳን ውስጥ ነው የምትኖረው፣ እግሯም አይሠራም። ቤቱ ደግሞ ሰፊ ነው። እዚህ ኑሪ ብላት ምን አለበት? ልጅቷ ሁለት እናት ይኖራታል፤ ማን ይጎዳል? ያ ሰውዬ ለእህቱ የነገራት ነገር ካለ ግን ሁሉም ገደል ገባ። ደግሞ በዚህ አገር ስንት ቤት አለ፣ የትኛው ቤት እንደሆነ ምን አሳወቃት እያለች ራሷን ታጽናናለች። አላህን ምን ብላ እንደምትለምነው እንኳ ቸግሯት ነበር።

«እማ» አለች ሰብሪና ከሐረጉ ማዶ።

«ወይዬ።»

«እናቴ ትቆጣኝ ይሆን?»

«ምን አድርገሽ?»

ልጅቷ አንዲት ፍሬ ነካ አደረገች፤ አልበሰለችምና ተወቻት።

«መልኳን ረስቼው እንደሆነ ብለሽ ነው? ልጅ እኮ ነበርሽ፣ የኔ ዓለም። ማንም አይቆጣሽም» አለች ሰሊሃ። ሰብሪና «እሺ» ብላ ቅርጫቱን ይዛ ራቅ አለች።

እንጆሪ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማቆየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያ አይታጠብም፤ የሚታጠበው ሊበላ ሲል ነው። የተጨፈለቀውን፣ ወፍ የነካውን፣ ውኃ ያዘለውን ለይታችሁ ለማርማላታ ታወጣላችሁ። የቀረውን ሰፌድ ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፋችሁ አንድ በአንድ፣ ሳይነካካ፣ ሳይደራረብ ትደረድሩታላችሁ። ሰፌዱ ጓዳ ውስጥ፣ ውኃ በጠጣ አሸዋ ላይ ይቀመጣል፤ ከላዩ ሳሳ ያለ ነጠላ ጣል ይደረግበታል። በፌስታል የሸፈነው ሰው ያው ለዶሮ ነው ያቆየው። ከዚያ ጠዋት ማታ ገለጥ እያደረጉ ነጭ ያበቀለችውን ማንሣት ነው፤ አንዷ ከቆየች አጠገቧ ያሉትን ሁሉ ታዳርሳለች።

ሰሊሃ ያን ሁሉ አደረገች። ዓርብ ከሰዓት ሁለት ፍሬ አነሣች። ማታ አንድም አልነበረም። «ለእናትሽ ነው፣ አንዱም አይበላሽ» ስትል ሰብሪና ጓዳው በር ላይ ቆማ ታያታለች፤ ወደ ውስጥ አትገባም። አሁን ሳስበው፣ ያቺ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ጓዳ ግቢ ስትባል ሰበብ ትፈልግ ነበር። ማንም ልብ አላለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰአዳ መጣች። መኪናው ከላይ መንገዱ ላይ ቀርቶ፣ በአንድ እጇ ምርኩዝ በአንድ እጇ የዓወልን ትከሻ ይዛ ቁልቁል ወረደች። ሰሊሃ ትልቅ ሴት ጠብቃ ነበር። የመጣችው የሠላሳ ዓመት እንኳ የማትሞላ፣ ፊቷ የጠወለገ፣ ዓይኗ ግን ቁርጥ የሰብሪና ዓይን የሆነ ልጅ እግር ናት።

«ሰቢዬ» አለች በሩ ላይ። ከንፈሯ ብቻ ነው ያለው።

ሰብሪና ቀስ ብላ ሄደች። አጠገቧ ስትደርስ ቆመች፤ የእናቷን እጅ አነሣችና አሸተተችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲያወሩት ይረክሳል። ምርኩዙ ወደቀ፣ ሁለቱም ወደቁ፣ ዓወል እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሰሊሃ ወደ ጓሮ ወጥታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። ቀናች ወይ? አዎ ቀናች።

ምሳ ተበላ። እንጆሪው ታጥቦ ቀረበ፤ አንዲት ፍሬ አልተበላሸችም። ሰአዳ አንዷን አንሥታ አጣጣመችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ይህን የመሰለ ነገር አብልተሽ ነው ያሳደግሽልኝ» አለች። ተንፏቃ መጥታ የሰሊሃን ጉልበት ልትስም አጎነበሰች። ሰሊሃ «ያ አላህ! ተይ እህቴ፣ ተይ!» ብላ በሁለት እጇ አነሣቻት።

ልቧ ግን ሞቀ። ጊዜው አሁን ነው አለች በሆዷ።

«እህቴ፣ ሰአዳ፣ አንድ ነገር ልበልሽ። ቤቱ ሰፊ ነው። እኔም ብቻዬን ነኝ። በዚያ እግርሽ በዚያ ብርድ ድንኳን ውስጥ ምን ያደርግልሻል? ልጅሽም ትምህርቷን ታቋርጣለች። እዚሁ አብረን እንኑር። እኔ ከልጄ አልለይ፣ አንቺም ከልጅሽ አትለዪ።»

ሰአዳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «እናቴም ብትኖር ከዚህ በላይ አትለኝም ነበር። ምን ብዬ እምቢ እላለሁ፣ እትዬ ሰሊሃ?» አለች።

ሰሊሃ በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰተችበት ጊዜ የለም። ዓወልም «አላሁ አክበር!» ብሎ ጭኑን መታ።

«አንድ ጉዳይ ብቻ ይቀረኛል» አለች ሰአዳ፣ እንባዋን ጠርጋ። «ወንድሜ ታጁ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚህ አገር መጥቶ ነበር። እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ እሱ ነበር የሚፈልግልኝ። ከአሊዩ አምባ ደውሎ፣ እዚህ ዳገት ላይ አንዲት ልጅ አለች ብለውኛል፣ ነገ ወጥቼ አያለሁ አለኝ። በማግሥቱ ደወለ። እህቴ፣ አይደለችም፣ ሴትዮዋ ወላሂ ብላ ማለችልኝ አለ። እንግዲህ የቀረው ወደ ወለጋው ተመልሼ በየሐኪም ቤቱና በየመንደሩ መጠየቅ ነው አለኝ። አትሂድ አልኩት። ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ሞተም አለም የሚለኝ የለም።»



«ያቺን ሴትዮ አሳዪኝ፣ እትዬ ሰሊሃ። ጎረቤትሽ ሳትሆን አትቀርም። አልጣላትም፤ ስለ ሌላ ልጅ የጠየቃት መስሏት ይሆናል። በየት በኩል እንደሄደ፣ ምን እንዳለ፣ ሰው አብሮት እንደነበረ፣ ይቺን ብቻ ልጠይቃት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያናገረችው እሷ ናት መሰለኝ።»

ዓወል ወደ እህቱ ዞረ። «የትኛዋ ትሆን እትዬ? እዚህ ዳገት ላይ እኮ ካንቺ በቀር…» አለና በዚያው ቆመ። ፊቱ እየተለዋወጠ ሄደ።

ሰሊሃ አፏን ከፈተች። እውነቱን ልትናገር ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እኔም አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ልጅቷ ቀደመቻት።

«እዚህ ነው የመጣው» አለች ሰብሪና።

እናቷ ዞር አለች።

«እኔ ጓዳ ነበርኩ። በድምፁ አውቄዋለሁ፤ አጎቴ ታጁ ነው። ሰቢ እንላታለን ሲል ሰማሁት። አቤት ልል ነበር። እንዳልል እንጆሪ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ሲያልቅ ሌላ ጨመርኩ። እስኪሄድ ድረስ በላሁ።» ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ ብዙ ጊዜ በልቧ ያጠናችው ነገር ነው። «እማ ወደ እሳቱ ይመልሱሻል ስላለችኝ ነው። ብወጣ ኖሮ አይሄድም ነበር። እኔ ነኝ ያስኬድኩት።»

ሰሊሃ ኃጢአቷን ብቻዋን የተሸከመች መስሏት ነበር። አሥር ድሃ አብልታ፣ ሦስት ቀን ፆማ የጣለችው መስሏት ነበር። ለካ አንዲት ስምንት ዓመት ያልዘለለች ልጅ ጫንቃ ላይ ነው የጣለችው! ልጅቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎኗ እየተኛች፣ እማ እያለቻት፣ እንጆሪ እየለቀመችላት፣ ያን ሁሉ ይዛ ኖራለች፤ ሰሊሃም ረመዳን ያዝሽ እንዴ እያለች ሳቀችባት። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚቆም ሰው የለም። ሰሊሃ መሬት ላይ ተደፋች። «ምቺኝ፣ እህቴ። ምቺኝ በአላህ፣ ዝም አትበዪኝ» አለች።

ሰአዳ አላየቻትም። የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ «ስምንት ዓመትሽ ነበር፣ ሰቢዬ። ስምንት ዓመትሽ። ስሚኝ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም» ትላታለች። ደጋግማ ትላታለች። ልጅቷ እሺ ትላለች፤ ማመኗን ግን እንጃ።

ብዙ ቆይታ ሰአዳ ምርኩዟን ፈልጋ ተነሣች።

«ልጄን አሳድገሽልኛል፤ ልረግምሽ አፌ አይችልም» አለች ሰሊሃን። «አላህ ይስጥልኝ እንዳልል ደግሞ የወንድሜ ነገር አለ። ዝም ብዬ ልሂድ።»

ዓወል የልጅቷን ደብተሮችና ሁለት ቀሚስ በከረጢት አድርጎ ተሸከመ። በእህቱ በኩል ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም። ሰሊሃ እንኳን ልትከለክል፣ ሻርፗን አትርሱ ብላ ለመናገር አቅም አጣች።

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ሰብሪና ለእናቷ አንድ ነገር ነግራት ተመለሰች። ሰሊሃ ልጅቷ ብቻዋን ወደ እሷ ስትመጣ ስታይ፣ አቤት ልቧ! ልታቅፈኝ ነው አለች። ሰው ሆኖ ተስፋ የማያደርግ የለም፣ ያን ሁሉ ሠርቶም ቢሆን።

ሰብሪና ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«እማ» አለች። «አጎቴ ሊሄድ ሲል ውኃ ጠይቆሽ ነበር። ሰምቻለሁ። ከዚያ ደግሞ ምንም አልሰማሁም፣ እንስራው ሲከፈትም አልሰማሁ። ሰጥተሽዋል?»

ሰጥቼዋለሁ ብትል ማን ያውቅባታል? ሰውየው የለም፣ መጥቶ አይመሰክርባት። ልጅቷም መስማት የፈለገችው ያንኑ ነው፤ ዓይኗ ላይ ያስታውቃል፤ ሰጥቼዋለሁ ብትላት ቢያንስ ያቺን አንዲት ነገር ይዛላት ትሄድ ነበር። ሰሊሃ ይህን ሁሉ አሰበች። ያቺን ልጅ ያልዋሸቻት ነገር ምን እንደቀረ ደግሞ አሰበች።

«አልሰጠሁትም» አለች። «ቶሎ እንዲሄድልኝ ብዬ ነው። ከታች ምንጭ አለ፣ ከዚያ ጠጣ አልኩት።»

ሰብሪና ቆማ አየቻት። አላለቀሰችም፣ ክፉም አልተናገረችም። ራሷን ነቅነቅ አደረገችና ዞራ ወደ እናቷ ሄደች፤ ምርኩዙን ተቀብላ ክንዷን በትከሻዋ ላይ አሳረፈችላት። ዳገቱ ለአንካሳ ከባድ ነው፤ በየአሥር እርምጃው ያርፋሉ። ሰሊሃ በሩ ላይ ቆማ መንገዱ ጋ እስኪደርሱ ድረስ አየቻቸው። ብዙ ጊዜ አረፉ፤ አንዴም ዞር አላሉም።